ለሞተሬ የገዛሁት ኮፍያ

ሄልሜቱ ከኮርቻው ላይ ተንሸራቶ ሲወድቅ ያሰማው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ከባድ ነገር ሲወድቅ "ዱብ" ይላል፤ ይሄ ግን "ቃ!" ነበር ያለው፣ እንደ ባዶ ጎድጓዳ ሳህን። ሁለት ጊዜ ነጠረ፣ ሲሚንቶው ላይ እንደ እንዝርት ሾረ፣ ከዚያ በጀርባው ተኛ። የወደቀበት ከፍታ ቢበዛ ሰማንያ ሳንቲሜትር ነው። ጋሼ ከካርቡራተሩ ቀና ብለው አዩት፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

ሞተሩን ለመጨረስ አሥራ አራት ወር ፈጅቶብናል። "ብናል" የምለው ብየዳውን የሠሩት ጋሼ ስለሆኑ ነው፤ እኔ ያዥ፣ አቀባይና አለስላሽ ነበርኩ። ዓመታት የቆመ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር አሮጌ ሞተር ነው። ጭራውን ቆርጠን፣ መሪውን ዝቅ አድርገን፣ ኮርቻውን ቡናማ ቆዳ አልብሰን ካፌ ሬሰር የሚባለው የተራቆተ ዓይነት ሞተር አደረግነው። ፓራፋንጎዎቹን መዳፍ እስኪያህሉ አሳጠርናቸው። ታንኩን ሰባት ጊዜ እየቀባሁ ሰባት ጊዜ አለሰለስኩት፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ በጎኑ ቀጭን ክሬም መስመር ያለው። ሄልሜት የመጨረሻው ዕቃ ነበር። "ዕቃ" ያልኩት አውቄ ነው፤ በልቤ የያዝኩት እንደዚያው ነበርና። እንደ ጎን መስታወቱ፣ እንደ እጄታው ላስቲክ፣ ሞተሩን ለመሙላት የቀረ አንድ ዕቃ።

ከታንኩ ጋር የሚሄድ

ሙሉ ፊት የሚሸፍነው ሄልሜት ገና ከጅምሩ ከሐሳቤ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ ማንም ሲያደርገው ሳይ አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። የካፌ ሬሰር ውበቱ መራቆቱ ነው፤ ሲሊንደሩ ይታያል፣ ማርሚታው ይታያል፣ ካቦዎቹ ይታያሉ። ከላይ የሚቀመጠው ሰው ብቻ ፊቱን በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ደብቆ ሲመጣ ነገሩ ግማሽ ይሆናል። ፊት ክፍቱ ሄልሜት ግን ሰውየውንም የሞተሩ አካል ያደርገዋል። ደግሞም ነፋሱ አለ። ዝናብ የመታው አፈር ሽታ አለ። መብራት ላይ አጠገብህ የቆመውን ሰው ዓይን እያየህ በጥቅሻ ሰላም ማለት አለ። እነዚህን ነገሮች ዛሬም አልናቅኳቸውም።

ምሽት ምሽት ፎቶ ማየት ሥራዬ ሆነ። በመቶ የሚቆጠሩ ፎቶዎች ነው ያየሁት፤ ክብ ሄልሜት፣ ቆዳ ጃኬት፣ የተጠቀለለ ሱሪ። ያኔ ልብ ያላልኩትን አሁን ልናገር፤ በእነዚያ ፎቶዎች ሁሉ ሞተሩ ቆሟል። ሰውየው ታንኩን ተደግፎ ራቅ ወዳለ ነገር ያያል። ሄልሜቱም በብዛት ያለው እጁ ላይ እንጂ ጭንቅላቱ ላይ አይደለም።

የገዛሁትን ሳገኘው ልቤ ዘለለ። በአረንጓዴው ቀለም ውስጥ የሚያብለጨልጩ ቅንጣቶች ተበትነውበታል፣ ጠርዙን ቡናማ ቆዳ ዞሮታል፣ ግንባሩ ላይ መስታወት የሚገጠምባቸው ብርማ አዝራሮች አሉት። ጭንቅላቴ ላይ ሳደርገው እንደ ቆብ ጥብቅ አለ፤ ፎቶዎቹ ውስጥ እንዳሉት ሰዎች ጭንቅላቴ ትንሽ ሆኖ ታየኝ። ክብደቱማ የለም ቢባል ይቀላል። ቅለቱን የጥራት ምልክት አድርጌ ነው የወሰድኩት። ራስ ሳይጠና ጉተና የሚባለው በኔ ላይ ቃል በቃል ደርሷል።

ለሦስት ወር ያህል እሱን አድርጌ ነዳሁ።

አውራ ጣት

"አምጣው እስቲ" አሉኝ ጋሼ።

አንስቼ ሰጠኋቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። እሱን ሳይ ነው የደነገጥኩት፤ ስልክ ሲያነሱ እንኳ እጃቸውን የማይጠርጉ ሰው ናቸው። ገለበጡትና ውስጡን አዩ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በአናቱ በኩል፣ ከውስጥ፣ ጫን አደረጉ። መጀመሪያ የጨርቁ ገበር ገባ። ቀጥሎ ከሥሩ ያለችው ስፖንጅ ገባች። ከዚያ "ቀጭ" የሚል ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ጥፍራቸው ቀፎውን፣ የሄልሜቱን ጠንካራ የውጭ ሽፋን፣ ሲነካ ነው።

"አንተም ጫን።"

ጫንኩ። የኔም ጥፍር ነካ።

"የት ሄደ?" አሉኝ።

"ምኑ፣ ጋሼ?"

"ፍሬኑ።"

አልገባኝም ነበር። ወደ ፊት ጎማው አመለከቱኝ። "የዚህን የፍሬን ሸራ ስንገዛ ውፍረቱን በሚሊሜትር የለካኸው አንተ አይደለህ? አንዱን ሳስቷል ብለህ አስመልሰኸኛል። የጭንቅላትህን ሸራ ማን ለካልህ፣ ልጄ?" ይህን ብለው ወደ ካርቡራተራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስለ ሄልሜት ለብዙ ቀን አላነሱም። ቢያነሱ ይሻለኝ ነበር፤ የሚከራከረኝ ሰው ካገኘሁ ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለቴ አይቀርምና። ዝም ስላሉ ግን የምከራከረው ከራሴ ጋር ብቻ ሆነ።

ማታ ገበሩን በካቻቢቴ ጫፍ ፈልቅቄ አወጣሁት። ስፖንጅዋ አራት ሚሊሜትር ነች፣ ለካኋት። ሌላ ምንም የለም። ከአንዱ አዝራር ተነስቶ እስከ ጠርዙ የሚሄድ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅም አገኘሁ፤ የሰማንያ ሳንቲሜትሩ ውድቀት ሥራ መሆኑ ነው። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላም። ኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት ይህ ራሱ ምልክት ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለገዢዎች በሚሰጠው ምክር ደረጃውን የሚያሟላ ሄልሜት 1.4 ኪሎ ገደማ እንደሚመዝን፣ ለይስሙላ የሚሠራው ግን ከግማሽ ኪሎ በታች እንደሚሆን፣ የውስጡ ጠንካራ ፎምም ውፍረቱ 2.5 ሳንቲሜትር ገደማ መሆን እንዳለበት ይናገራል። ከኋላው ደግሞ "ዶት" የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት የታተሙበት፣ የአሜሪካን የደኅንነት ደረጃ አሟልቷል የሚል ተለጣፊ ነበረው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይሄኛው ወረቀት ግን በጥፍሬ ስነካው ለቀቀ። እውነተኛው ምልክት ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሦስቱ ፊደላት ብቻ ሳይሆኑ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ የደረጃው ቁጥር 218 እና "የተረጋገጠ" የሚለው ቃል አብረው የሚጻፉበት ነው።

"ፍሬን" የሚለው ቃል ግን አላስተኛኝም። ወረቀት አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ። አንድ ሰው ቆሞ ሳለ ቢወድቅና ጭንቅላቱ ከ1.8 ሜትር ከፍታ መሬት ቢመታ፣ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 21 ኪሎሜትር መሆኑ ነው። ልብ በሉ፣ ሞተሩ ገና አልተንቀሳቀሰም። ያ ፍጥነት ዜሮ የሚሆንበት ርቀት ደግሞ የሄልሜቱ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ጭንቅላቱ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል እየደቀቀ የሚቀበለው ፎም ካገኘ፣ የሚደርስበት ኃይል ከመሬት ስበት 90 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በኔ አራት ሚሊሜትር ስፖንጅ ላይ ግን 450 እጥፍ። በወረቀት ላይ የተሠራ ሻካራ ስሌት ነው፤ ቀፎው ራሱ ትንሽ መታጠፉን አልቆጠርኩም። የአውሮፓው ደረጃ በሰከንድ 7.5 ሜትር በሚመታ ፍተሻ ከ275 እጥፍ በላይ ያሳየ ሄልሜት ይወድቃል ይላል። የኔው በቀስታውም አላለፈም።

የፎሙም ነገር ገረመኝ። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ታሽገው የሚመጡበት ያ ነጭ ነገር ዘመድ ነው፤ ፖሊስታይሪን። በጣት ሲጫኑት አይመቸም፤ ይደነድናል። ዋጋው ግን እዚያ ላይ ነው። ውስጡ በአየር የተሞሉ ጥቃቅን ፍሬዎች ሲመቱ ይደቅቃሉ፣ ደቅቀውም ይቀራሉ፤ የምቱን ጉልበት ይዘውት ይሞታሉ ማለት ነው። ስፖንጅ ግን ተጭኖ ይመለሳል፤ የተሰጠውን መልሶ ይሰጣል። ለዚህም ነው አንዴ በደንብ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ምንም ባይመስልም የሚጣለው። ጭረት ሳይኖረው እንኳ አምራቾች በአምስት ዓመት ገደማ ቀይሩት ይላሉ።

በማግስቱ ለታናሽ እህቴ ነገሩን አጫወትኳት። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። "አድርገው እስቲ፣ ማሰሪያውንም እሰረው" አለችኝ። አሰርኩት፣ አጥብቄ። ከኋላዬ ቆመችና የታችኛውን ጠርዝ በሁለት ጣት ይዛ ወደ ላይና ወደ ፊት ገፋ አደረገችው። አፍንጫዬን ፍቆ ወጣ። ማሰሪያው እንደታሰረ ነው። ሄልሜቱን በእጇ ይዛ፣ "ወንድምዬ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" አለች።

አሁን ሥራ ጠረጴዛችን ላይ ተገልብጦ ብሎን ይያዝበታል። ለዚያ ሥራ በጣም ጥሩ ነው፤ አያፈስም።

መልኩ አዲስ በነበረበት ጊዜ

መጀመሪያ የደረስኩበት መደምደሚያ ቀላል ነበር፤ ማማር ሌላ፣ መትረፍ ሌላ፤ አንዱን ምረጥ። ለሁለት ሳምንት ያህል ሞተሩን ሳልነካው ቆየሁ። ግን የወደድኩት መልክ ከየት እንደመጣ ሳነብ ሐሳቤ ሌላ አቅጣጫ ያዘ።

ታሪኩ በአንድ ሞተር ወዳድ ይጀምራል። በአረቢያው ዘመቻ ስሙ የገነነው ቲ. ኢ. ሎሬንስ ብራፍ ሱፒሪየር የሚባለውን ውድ ሞተር ሰባት ጊዜ ገዝቶ ስምንተኛውን ያዘዘ ሰው ነው። በግንቦት 1935 (ይህና ቀጥሎ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) ሁለት ባለብስክሌት ልጆችን ለማዳን ሲሸሽ ወደቀ፤ ሄልሜት አላደረገም ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የሚባለው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር፤ ነገሩ አልለቀው ብሎ የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት ማጥናት ያዘ። በ1941 ያሳተመው ጽሑፍ የሄልሜትን ጥቅም በማስረጃ ያሳየ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር መልእክት አድራሽ ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ።

ከዚያ እኔ የወደድኩት ክብ ነገር መጣ። በ1954 ቤል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት "500" ብሎ የሰየመውን፣ ጆሮንና ማጅራትን ጭምር የሚሸፍን ሄልሜት አወጣ። በፎቶዎቹ ላይ ያለው ቅርጽ የሱ ልጅ ነው። በ1956 ፒት ስኔል የሚባል እሽቅድምድመኛ፣ ያደረገው ሄልሜት ሳያድነው ቀርቶ በጭንቅላት ጉዳት ሞተ፤ በ1957 ወዳጆቹ በስሙ ሄልሜት የሚፈትሽ ድርጅት አቋቋሙ። የመኪና ተሽቀዳዳሚው ዳን ገርኒ ደግሞ በ1968 ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን አዲስ ሄልሜት አድርጎ ወደ ፎርሙላ ዋን ገባ። ከዚያ ወዲያ ተሽቀዳዳሚዎቹ አንድ በአንድ ክቡን ሄልሜት ጥለው ወደሱ ሄዱ።

እዚህ ላይ ነው መጽሐፉን አጥፌ የተቀመጥኩት። እነዚያ ክብ ሄልሜት ያደረጉ ሰዎች ማማር ፈልገው አልነበረም ያደረጉት። በዘመናቸው ከተገኘው ሁሉ የተሻለው እሱ ስለነበረ ነው። የተሻለ ሲመጣ ደግሞ ወዲያው ጣሉት። እኔ የቀዳሁት ጭንቅላታቸው ላይ ያለውን ነው፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ የነበረውን አይደለም። ይባስ ብሎ የኔው አራት ሚሊሜትር፣ ነገሩ የዛሬ ሆኖ ሳለ፣ እነሱ በ1950ዎቹ መጨረሻ ካደረጉት ያነሰ ነው። በእነሱ ፊት ይዤው ብቆም የሚያፍሩብኝ ይመስለኛል።

ይህ ሐሳብ እንግዳ በሆነ መንገድ ደስ አሰኘኝ። መልኩን ከጥንካሬ የሚለየው ሕግ የለም ማለት ነው፤ የተወለዱት አብረው ነው።

አገጭ

ግን ራሴን ላታልል አልፈልግም። ክፍቱ ፊት ክፍት ነው። ዲትማር ኦተ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በእውነተኛ አደጋዎች ላይ ሄልሜት የት የት እንደተመታ መዝግቦ ነበር፤ ከሦስቱ ምት አንድ ያህሉ ያረፈው አገጭና መንጋጋ አካባቢ ነው። ፊት ክፍት ሄልሜት የሚገዛ ሰው ያንን አንድ ሦስተኛ ባዶ ትቶ መሄዱን ይወቅ። በአውሮፓው ምልክት ላይ እንዲያውም በፊደል ተጽፎለታል። ማሰሪያው ላይ የሚሰፋው ጨርቅ በክብ ውስጥ "ኢ" ፊደልና ፈቃዱን የሰጠውን አገር ቁጥር ይይዛል፤ 1 ጀርመን ነው፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን። ከሥሩ ባለው ረጅም ቁጥር ውስጥ "ጄ" የሚል ፊደል ካለ አገጭ አይሸፍንም ማለት ነው፤ "ፒ" ካለ ይከላከላል። "ኤንፒ" የሚል ካያችሁ ደግሞ አገጩ ላይ ያለችው ነገር ለጌጥ ነች፣ አታስጥልም ማለት ነው። እንዲህ እቅጩን የሚናገር ጽሑፍ ብዙ ዕቃ ላይ አይገኝም።

ነፋሱን እወዳለሁ ብያለሁ። ስለ ጢንዚዛዋም ልንገራችሁ። በሰዓት ሰባ ኪሎሜትር ገደማ እየነዳሁ፣ ያው አረንጓዴውን ሄልሜት ከተራ የፀሐይ መነጽር ጋር አድርጌ፣ ከግራ ዓይኔ በታች ጉንጬን አንድ ነገር መታኝ። ጥይት ነው ብል አትሳቁ፤ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። ዳር ይዤ ቆምኩና ፊቴን በእጄ ዳሰስኩ። የተሰበረ ጥቁር ክንፍ መዳፌ ላይ ቀረ። ጉንጬ ለአራት ቀን አበጠ። ሦስት ሳንቲሜትር ከፍ ብላ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

ታዲያ ለምን ክፍቱን መረጥክ ትሉኛላችሁ። አጭሩ መልስ፣ ከተማ ውስጥ በዝግታ የምነዳበት ቀን ስለሚበዛና ስለምወደው ነው። ረጅሙ መልስ አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ አደጋ መምረጥና አደጋውን አለማወቅ እኩል አይደሉም። አረንጓዴውን ሳደርግ የመረጥኩት ነገር አልነበረም፤ ምንም አላውቅማ። አሁን አገጬን ሳላስሸፍን ስወጣ ምን ትቼ እንደወጣሁ አውቃለሁ። የሚያዋጣ ክርክር መሆኑን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። እህቴ "ማወቅህ ሲሚንቶውን ያለሰልሰዋል?" ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ለአውራ ጎዳና የሚሆን ባለ ሙሉ ፊት ሄልሜትም ገዝቻለሁ፤ ነጭ ነው፣ ከሞተሩ ጋር ፈጽሞ አይሄድም፣ አስቀያሚ ነው። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያየኛል።

እንጉዳይ

ሁለተኛውን ፍለጋ የጀመርኩት ከጭንቅላቴ ነው። ልክ እንደ ልብስ ሰፊ፣ ከቅንድቤ በላይ ሁለት ጣት ከፍ ብዬ፣ ከኋላ በኩል ጎበጥ ያለውን ክፍል ይዤ ሜትር አዞርኩ፤ 59 ሳንቲሜትር። ቁጥሩ ግን ግማሹ ነው። የጭንቅላት ቅርጽ የሚባል ነገር አለ፤ የአንዱ ከላይ ሲታይ ክብ ይጠጋል፣ የሌላው ከፊት ወደ ኋላ ይረዝማል። የኔው ረዥም ነው። ልክ ነው ብዬ ያደረግኩት የመጀመሪያው ሄልሜት ሃያ ደቂቃ ሳልሞላ ግንባሬን እንደ መዶሻ ወቀረኝ፤ ሳወርደው መሃል ግንባሬ ላይ ቀይ ክብ ነበር። በጎን ደግሞ ጣት ያስገባል። ለክብ ጭንቅላት የተሠራ ነው። ከዚያ በኋላ የሞከርኩትን ሁሉ ሃያ ደቂቃ ሳላደርገው አልተውኩም፤ ሻጮቹ ሰለቹኝ፣ እኔም ጨዋታ መፍጠር ለመድኩ።

ሁለተኛውን አድርጌ ፎቶ ላኩላት። እህቴ የመለሰችው አንድ ቃል ነው፤ "እንጉዳይ።"

እውነቷን ነው። የፊት ክፍት ሄልሜት ትልቁ ፍርሃት ይሄ ነው፤ ቀጭን አንገት ላይ የተቀመጠ ትልቅ ክብ። አረንጓዴው ያማረው ለምን እንደነበር ያኔ ተገለጠልኝ፤ ውስጡ ስለሌለ ነው ቀጭን የሆነው። ታዲያ ፎሙም እንዲኖር መልኩም እንዲያምር ምን ይሻላል? መልሱ ቀፎው ላይ ነው። አንዳንድ አምራች ለሁሉም መጠን አንድ ትልቅ ቀፎ ይሠራና ልዩነቱን በፎምና በስፖንጅ ውፍረት ያጣጥመዋል፤ ትንሽ ጭንቅላት ያለው ሰው የትልቁን ሰው ቀፎ ተሸክሞ ይዞራል፣ እንጉዳይ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቀፎ ይሠራል። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ብልሃት አለች፤ የአንተ መጠን በአንድ ቀፎ ከሚካተቱት ትልቁ ከሆነ፣ ቀፎው ልክህን ይይዛል። ከሚካተቱት ትንሹ ከሆነ ግን ያው ሄልሜት በአንተ ላይ ይሰፋል። ሞዴሉ አንድ፣ መልኩ ሁለት። ይህን ሻጭ አይነግርህም፤ የትኛው መጠን የትኛው ቀፎ ውስጥ እንደሚገባ ጠይቅ።

የኔን ያገኘሁት በሦስት ቀፎ ከሚሠራ ሞዴል ነው፤ መጠኔ የመካከለኛው ቀፎ የመጨረሻው ሆኖ ተገኘ። 1.1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ማሰሪያው ላይ ያለው ቁጥር በ06 ይጀምራል፤ አዲሱን የአውሮፓ ደረጃ 22.06ን አልፏል ማለት ነው። ከበፊቱ የሚለየው በተለያየ ፍጥነት መፈተሹና በተለይም ጭንቅላት በአግድመት ሲመታ አንጎል የሚጠመዘዝበትን ሁኔታ መለካቱ ነው። ማሰሪያው ሁለት ቀለበት ያለው ነው። ለመልመድ ሳምንት ፈጀብኝ፤ አሁን ጓንት አድርጌም አስረዋለሁ። በአዝራር የሚገጠም ጎበጥ ያለ መስታወት ጨመርኩለት፤ በፍጥነት ሲነዳ ነፋሱ ወደ ላይ ይስበዋል፣ አንገትም ይደክማል፤ ጢንዚዛ ግን አያሳልፍም።

እህቴ ከኋላዬ ቆማ ጠርዙን ይዛ ገፋች፣ በሁለት እጇ ሳይቀር። ቅንድቤን እንኳ አላለፈም። "ይሄኛው ባል ነው" አለች።

ቀለም

የቀረው አንድ ችግር ነው። ሄልሜቱ ያለው በሦስት ቀለም ሲሆን አረንጓዴ የለበትም። የወሰድኩት ደብዛዛ የዝሆን ጥርስ ቀለም ነው፤ ከክሬሙ መስመር ጋር ይዛመዳል ብዬ። አይዛመድም። ታንኩ ላይ ሳስቀምጠው ክሬሙ ቢጫ ይመስላል፣ ሄልሜቱ ደግሞ ያልታጠበ ይመስላል።

እቀባዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። የሰባት ዙር ልምድ አለኝ፣ ከታንኩ የተረፈ ቀለምም አለኝ። ቀጭኑን የመመሪያ መጽሐፍ ያነበብኩት በአጋጣሚ ነው፤ ቆርቆሮውን የማስቀምጥበት ወረቀት ስፈልግ። ቀፎው ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ቀለም፣ ቲነር፣ ቤንዚን፣ የማይታወቅ ማጣበቂያ፣ አንዳቸውም እንዳይነኩት ይላል፤ በዓይን በማይታይ መንገድ ያዳክሙታል። የቆርቆሮውን ክዳን መልሼ ገጠምኩት።

ጋሼ ሄልሜቱን አንስተው ገለበጡት። እጃቸውን አልጠረጉም፤ ጥቁር አሻራ ጠርዙ ላይ ቀረ። አውራ ጣታቸውን አናቱ ላይ ጫን አደረጉ። ገበሩ ትንሽ ገባና ጣታቸው ቆመ። ሌላ ቦታ ጫኑ፣ በጎን፣ ከኋላ። ምንም አላሉም። ታንኩ ላይ መልሰው አስቀመጡትና ራቅ ብለው አንዴ ሄልሜቱን፣ አንዴ ታንኩን አዩ።

"እሱን መቀባት አይቻልም አልክ?"

"አይቻልም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያውስ ታንኩን ፍታው።"

ከትናንት ወዲያ ፈትቼዋለሁ። የመጀመሪያውን አረንጓዴ አውጥቻለሁ፤ ሁለተኛው ላይ ነኝ፤ የብርጭቆ ወረቀቱ አለቀብኝ።